የገበሬው ዕዳ፣ የአፈሩ ዕዳ

ከትሩጋኒና፣ ሜልበርን

ባለፈው ነሐሴ ከአዊ የመጡ አንድ አባት እኛ ቤት ጓሮ ቆመው አንድ የላስቲክ ከረጢት አገላብጠው ያዩ ጀመር። ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ፣ ማሳውን ታናሽየው ልጃቸው ስለያዘላቸው በክረምት ከአገር ለመውጣት የቻሉ ሰው ናቸው። እዚህ ያለው ልጃቸው ሥራ ሲውል እኛ ዘንድ እየመጡ ቡና ይጠጣሉ። ከረጢቱ ላይ የላም ሥዕል አለ።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«የከብት ፍግ ነው አባባ፤ ለጓሮው አትክልት።»

«ከማን ከብት?»

«ከሱቅ ገዝተነው ነው።»

በዶላር መግዛታችንን ሲሰሙ ሳቃቸው አላቋርጥ አላቸው። ሳቁ ሲወጣላቸው ግን ከረጢቱን ከፍተው አንድ እፍኝ ዘገኑ፤ አሸተቱት፤ በመዳፋቸው ፈረፈሩት። «እኛ እኮ ይኼን አንድደን ነው የጨረስነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሰሞን ስለ አፈር እንጽፋለን ስንል ፊታቸውን የሚያዞሩብን ወዳጆች እንዳሉ እናውቃለን። አገር እየታመሰች፣ እስር ቤቱ ሞልቶ እናንተ ስለ ፍግ ታወራላችሁ ወይ ይሉናል። እኛ በሥራ ዘመናችን ካየነው ተነሥተን የምንለው ግን ባለፉት ሃምሳና ስልሳ ዓመታት በገበሬውና በመንግሥት መካከል የሆነውን ነገር አብዛኛውን አጥፎ በአንድ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ማስቀመጥ እንደሚቻል ነው። ከተሜው እንኳ ስለ እርሻ ምንም ሳያውቅ ለጆንያ የሰጠው ስም እስከ ዛሬ «ማዳበሪያ» ነው፤ እህሉን፣ ልብሱን፣ ከሰሉን «በማዳበሪያ» ይይዛል። (ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የፈረንጁን ስንጠቅስ እ.ኤ.አ. እንላለን።)

ትሩጋኒና ቤት የሠራ ሰው አፈሩን ያውቀዋል። ከሜልበርን ምዕራብ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አውስትራሊያ ወሰን አቅራቢያ በተዘረጋ የእሳተ ገሞራ ሜዳ ላይ ነው ያለነው። መሠረት ሲቆፈር ጥቁር ድንጋይ ይከመራል። ጭቃው በዝናብ ጊዜ እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ሲሆን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አባባ በበትራቸው ጫፍ ቆፈር አድርገው «ይኼማ መረሬ ነው፤ ጤፍ ያበቅላል» ብለው ፈረዱ። ዝናቡ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር የማይሞላ መሆኑን ሳንነግራቸው ቀረን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ዳር አወጣናቸው። መንገድ ዳር ቢጫ አበባ የለበሰ ዛፍ ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ዲከረንስ!» አሉ። እኛ ተሳስተዋል ብለን ነበር። የተሳሳትነው እኛ ነን። አካሽያ ዲከረንስ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከዚህ አገር ወደ እኛ መሄዱን ስናውቅ፣ ሌላ ዘመድ ተከትሎት አዊ ድረስ መግባቱን ከእኚህ አባት ሰማን።

«መሬታችን ኮመጠጠ» አሉ። «ማዳበሪያውን ብናፈስበት፣ ብናፈስበት፣ አልበላ አለ። ገብሱ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ካድሬው መጥቶ አልጨመራችሁም ይለናል። ስንጨምር ዕዳው ጨመረ እንጂ እህሉ አልጨመረም።»

ካድሬው የማያውቀው ወይም ሊያውቀው ያልፈለገው ነገር ይህ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ውሃው በረጅም ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። በአሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ይፈታሉ። ፎስፈረስ ሲመጣላቸው ያስሩታል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ዳፕ ማሳው ውስጥ አለ፤ የሰብሉ ሥር ግን አያገኘውም። አሉሚኒየሙ ደግሞ ሥሩን ራሱን ያቀጭጨዋል። ይባስ ብሎ ዩሪያን የመሰለ ማዳበሪያ በየዓመቱ ሲደጋገም አሲዱን ያብሰዋል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በልዩ ልዩ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ባለሙያዎቹ የሚጠቅሱት ቁጥር ነው። አዊና ጎጃም፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጅማ፣ ሲዳማ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ። አገሪቱ ለም የምትባልባቸው ዝናባማ ቦታዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። (እዚህ ሜልበርን ሱቁ የሚሸጥልን ጂፕሰም ኖራ አይደለም። ጭቃውን ያፍረከርከዋል እንጂ አሲዱን አያበርድም።) ኖራ በኪሎ የሚበተን አይደለም፤ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በቶን ይለካል። ደጀን ላይ መፍጫ ተተክሏል፤ ከደጀን ባንጃ ጓሳ መሀል ላለ ጎጆ ግን ማን ያደርሰዋል? መኪና መንገድ ካቆመበት ወዲያ ያለው የአህያ ጀርባ ነው። አንድ አህያ ስንት ኩንታል ትሸከማለች? ስለዚህ ኖራው በሪፖርት ላይ በዛ፤ በማሳ ላይ አነሰ።

የአዊ ገበሬ ኖራውን ሲጠብቅ አልተቀመጠም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው የሆነው ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የዲከረንሱን ችግኝ ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከሥሩ የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስላል። ከሰሉ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይጫናል። የረገፈው ቅጠል፣ ናይትሮጅን የሚያስገባው ሥር፣ ከከሰሉ የተረፈው አመድ ለአፈሩ ይቀራል። ከዚያ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉም ይይዛል። ይህን ለገበሬው ያዘዘው ዕቅድ አልነበረም። ገበሬው ከጎረቤቱ አይቶ፣ ገበያውን ገምቶ የሠራው ነው። ተመራማሪው ኋላ ደርሶ አጠናው። ከሰል ማክሰል ጫካ ይጨርሳል እየተባለ ስንት ርእሰ አንቀጽ የጻፍን ሰዎች ስለሆንን፣ በዚያ አካባቢ የደን ሽፋኑ በዚሁ በከሰል ምክንያት ጨመረ የሚለውን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

«አንድደን ጨረስነው» ወዳሉት ነገር እንመለስ። አያት ቅድመ አያቶቻችን አፈር እንዴት እንደሚያዝ ያውቁ ነበር። መሬቱን ጦም ያሳድሩት ነበር። ገብስን በባቄላ፣ ስንዴን በአተር፣ ጤፍን በሽምብራ ያፈራርቁ ነበር። ጎጃሜው በከሳው መሬት ላይ ግብጦ ይዘራል። በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ሣሩን ከነአፈሩ ፈንቅለው፣ ቆልለው፣ በኩበት እያጋዩ ገብስ ያበቅሉበት ነበር። ይህ ለአንድና ለሁለት ዓመት ያበላል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ብዙ ዓመት ማረፍ ይፈልጋል። ሰው ሲበዛ፣ መሬት ሲጠብ፣ የሚያርፈው ጠፋ። ደኑ ሲያልቅ ኩበቱ ማገዶ ሆነ። ጭዱ ለከብት፣ ከዚያ የተረፈው ለቤት ምርጊት። ፍግና አመድ የሚደርሰው ከደጅ ያለችው የጎመንና የበቆሎ ጓሮ ብቻ ናት። ራቅ ያለው ማሳ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ቁጥሩ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች የአፍሪካን አፈር ሒሳብ ሲያወራርዱ ከኢትዮጵያ አንድ ሄክታር በየዓመቱ በአማካይ 41 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 6 ኪሎ ፎስፈረስና 26 ኪሎ ፖታሲየም እንደሚጎድል አሰሉ። የገባው ተደምሮ፣ የወጣው ተቀንሶ ነው ይህ። በዚያው ላይ ጎርፉ አለ። የስዊሱ ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ወሎ ማይባር፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ሸዋ አንዲት ጥድ ላይ ጣቢያ ተክለው ሲለኩ ከቆዩ በኋላ ከሚታረስ መሬት በየዓመቱ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለውን ግምት አወጡ። ዓባይ ለምን ቡናማ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ገበሬው እርከን አልሠራም፣ ፍግ አላጓጓዘም እያሉ የሚወቅሱ ሰዎች አሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆነ። በ1987 ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ቀጠለ። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል «ቢሮክራሲ» ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደርጎ የተረፈው ለሌላ ተሰጠ። ፍግ አግዞ፣ ድንጋይ ክቦ ያደለበው መሬት በአንድ ስብሰባ ከእጁ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ጎረቤቱም ጭምር፣ በሚቀጥለው ዓመት ፍግ የሚያግዘው ለማን ብሎ ነው? ኋላ ላይ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር መጥቶ ፍርሃቱን በተወሰነ ደረጃ አቃለለ። የመጣው ግን ብዙ አፈር ከሄደ በኋላ ነው።

ከረጢቱ እንዴት እንደመጣ እናውሳ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ስዊድኖች በአርሲ ካዱ የተባለውን የጭላሎ ፕሮጀክት ጀመሩ። ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለትንሹ ገበሬ አደረሱ፤ ምርቱ ጨመረ። ባለርስቶቹ ይህን አይተው ትራክተር አስገቡ፤ ስንት ጭሰኛ ተባረረ። አዲሱ ስንዴ ለጭሰኛው የመጣ፣ ጭሰኛውን ያስነሣ ስንዴ ሆነ። በደርግ ጊዜ ማዳበሪያው በተለይ ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ አምራች ማኅበራት አደላ። በ1985 የኖቤሉ ተሸላሚ ኖርማን ቦርላግና የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የቆሙለት ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በግማሽ ግማሽ ሄክታር ማሳያ ማሳዎች ሥራ ጀመረ። ውጤቱ አማረ። ኢሕአዴግ በ1987 ያንኑ ወስዶ በመላ አገሪቱ «ፓኬጅ» አደረገው። ቀመሩም አጭር ነበር፤ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ደጋ ይሁን ቆላ፣ መረሬ ይሁን ቀይ አፈር፣ ያው 100 በ100። ጥቂት መቶ ማሳዎች ላይ ባለሙያ ቆሞ የሚመራው ነገር ሚሊዮን ገበሬ ላይ በኮታ ሲጫን ሌላ ነገር ይሆናል።

እኛ በዚያ ዘመን በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ ነበርን። ስለ ማዳበሪያ ስንት ዜና እንዳሳለፍን አንቆጥረውም። ግንቦት ሲገባ «ማዳበሪያ በወቅቱ እየተሰራጨ ነው»፣ ጥር ሲገባ «ምርት በዚህን ያህል ጨመረ»፤ በመካከሉ ያሉት ወሮች ለእኛ አልነበሩም። የድጎማው ማንሣት በ1989 እና በ1990 መካከል ሲጠናቀቅ እንደ ድል ነበር የጻፍነው። ብድሩን የክልሉ መንግሥት በበጀቱ ዋስ ሆኖ ነበር የሚያስወስደው። ስለዚህ ዕዳውን የሚሰበስበው ባንክ ሳይሆን ቀበሌውና ሚሊሺያው ሆነ።

በ1993 እና በ1994 በቆሎው ሞላ። ሲሞላ ዋጋው ከግማሽ በላይ አሽቆለቆለ፤ ገበሬው የሸጠበት ገንዘብ ማዳበሪያውን የገዛበትን አይመልስም ነበር። በዚያን ሰሞን ከአንድ ወረዳ አንድ ወጣት ዘጋቢያችን በእጁ የጻፈውን አራት ገጽ ላከልን። ዕዳ ያልከፈሉ ገበሬዎች ተይዘው ማደራቸውን፣ አንዱ በሬውን ሸጦ መውጣቱን፣ በሬ የሌለው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያውን የሚወስደው በማን ጥማድ ሊያርስ እንደሆነ ይጠይቃል ጽሑፉ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሦስቱን ገጽ ሰረዝነው። የቀረውን «አርሶ አደሮች የማዳበሪያ ዕዳቸውን በፈቃደኝነት እየከፈሉ ነው» በሚል አወጣነው። «በፈቃደኝነት» የምትለዋን ቃል የጨመርናት እኛ ነን። ማንም አላዘዘንም፤ ያን ጊዜ ትእዛዝ መጠበቅ የማያስፈልገን ደረጃ ላይ ደርሰን ነበር። ልጁ ደውሎ አልወቀሰንም። ከዚያ በኋላ ግን የላከው ሁሉ አጭር ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀረ። ዋጋው የወደቀበት ገበሬ ብዙው ማዳበሪያ ቀንሶ ዘርቶ ነበር። በ1995 የምግብ ዕርዳታ ያስፈለገው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ። እኛ ይህንን «የተፈጥሮ አደጋ» አልነው።

ሌላም አለ። በዚያው ዘመን የግል አስመጪዎቹ ከገበያው ሲወጡ አምባሰል፣ ጉና፣ ዲንሾና ወንዶ የተባሉት ከገዢው ፓርቲ ጋር የተሳሰሩ ድርጅቶች ገብተው ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ሥራው ለመንግሥት ድርጅትና ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ዞረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ባወጣው ሪፖርት ማዳበሪያና ዘር፣ ብድርም፣ ለተቃዋሚ ደጋፊ ገበሬዎች እንደሚከለከሉ የገበሬዎችን ቃል ጠቅሶ ዘረዘረ። መንግሥት አስተባበለ። እኛ ግን ውጪ ስለነበርን ቢያንስ ያን ጊዜ የሚሰረዝ ቀይ እስክሪብቶ አልያዝንም።

ኢሕአዴግ ሄደ፤ ከረጢቱ ቀረ። በ2015 ክረምት፣ የዓለም ዋጋ በዩክሬን ጦርነት ንሮ ከቆየ በኋላ፣ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሰልፍ ወጡ። ሰኔ ላይ እርሻውን ትቶ ከተማ የሚመጣ ገበሬ ምን ያህል እንደጨነቀው መገመት ነው። ሐምሌ 28 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ማዳበሪያውም አብሮ ይታገታል።

ድጎማ ኃጢአት ነው ብለው ካስተማሩን ሰዎች አገር መኖራችንን እዚህ ላይ ብናነሣ አይከፋም። የአውስትራሊያ አፈር በፎስፈረስ ድሃ ነው። ያበለጸጉት ናውሩ የምትባለውን ትንሽ የፓስፊክ ደሴት ቆፍረው ነው። ናውሩ እ.ኤ.አ. በ1989 በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በ1993 በ107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹም የካንቤራ መንግሥት ሱፐርፎስፌት ለሚገዛ ገበሬ ድጎማ ይሰጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እነ ዓለም ባንክ የጎጃምን ገበሬ በገበያ ዋጋ ግዛ ያሉት።

የተሠራ ደግ ነገር የለም አንልም። በ2003 የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከ2004 ጀምሮ የአገሪቱን አፈር በካርታ አስነሣ፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ማንም ያላየው የሰልፈር፣ የዚንክና የቦሮን ጉድለት ታየ፤ ዳፕ ቀርቶ ሰልፈር ያለበት ኤንፒኤስ መጣ። ኋላ የተደረጉ የማሳ ሙከራዎች በብዙ ቦታ ዋነኛው ጉድለት ያው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መሆኑን ቢያሳዩም፣ አፈሩን ሳይጠይቁ ከማዘዝ ጠይቆ ማዘዝ ይሻላል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ መንደሮች ከገበሬዎች ጋር የሠሩት የኮምፖስት ሥራም አለ። ኮምፖስት የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት በጥቅሉ እጥፍ ያህል ሰጠ፤ ከኬሚካሉም አላነሰም። ዶክተሩ የመንግሥት ባለሥልጣን ስለነበሩ በእኛ ሰፈር ይህን ማንሣት የማይወዱ አሉ። ኮምፖስቱ የፓርቲ አባል አልነበረም።

ፋብሪካስ? የያዩው የድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ፋብሪካ በሜቴክ እጅ ቢሊዮኖች ፈስሰውበት ሳይጠናቀቅ ቆመ። በኅዳር 2009 ከሞሮኮው ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ ፋብሪካ በንጉሡ ፊት ተፈረመ፤ ፋብሪካው አልቆመም። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ደግሞ ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት ተፈረመ፤ የመሠረት ድንጋዩም በመስከረም 2018 ተጣለ። እንዲሳካ እንመኛለን። ዩሪያ ግን ኖራ አይሆንም፤ ለኮመጠጠው መሬት ብቻውን ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ብለናል።

ፉትስክሬይ ቡና ቤት ውስጥ ሰሞኑን የተከራከርንበት ጉዳይ ለዘመድ የማዳበሪያ መግዣ መላክ ትክክል ነው ወይ የሚል ነበር። ገንዘቡ ዞሮ መንግሥት ካዝና ይገባል የሚሉ ወዳጆቻችን ተቆጡ። እኛ እንልካለን። ገበሬው ዩሪያ ስለገዛ ድምፁን አልሸጠም፤ ሳይገዛ የሚውለውም ክረምት ለማንም ትግል አልጠቀመም። ግን አሁን ስንልክ አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፤ አፈሩ ተመርምሯል ወይ? ከተቻለ ግማሹ ለኖራ ማጓጓዣ ይሁን እንላለን። አንድ ሁለት ሰው ስቆብናል።

አባባ መስከረም ላይ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኅዳር ላይ ደወሉ። ጤፉ ደርሷል፤ ዲከረንሱ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጀመረው ዝገት መሰል በሽታ ብሶበታል፤ ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፋል፤ የጎረቤቶቻቸው ዛፍ ለከሰል ሳይደርስ ደርቋል። «እዚያ ወንዙ ዳር ያለው ዛፍ ይኼ ነገር ይዞታል ወይ? እስቲ ሄደህ እይልኝ» አሉን። የዚያ ፈንገስ ወገን እዚሁ አውስትራሊያ የታወቀ ነው። ሄድን። አበባው አልቆ ፍሬ ይዟል። ዝቅ ካሉት ቅርንጫፎች አንዱ ላይ ቡናማ፣ ሲነኩት ዱቄት የሚለቅ እብጠት አየን። ፎቶ አንሥተን ላክን። በነጋታው ልጃቸው መለሰልን፤ «አባባ አይተውታል፤ ይኸው ራሱ ነው ብለዋል፤ እዚያ ገበሬው ምን ያደርገዋል ብለው ይጠይቃሉ» ይላል።